አንድ ሜትር ከሃምሳ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት፣ አንዲት ወጣት በሬን አንኳኳች። ስሜ ሰላም ነው አለችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ፣ እቅፏ ውስጥ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የጠቀለለችው ታብሌት። የፈለገችው ቀላል ነገር ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው ማንጎ ወደፊት ይቆረጣል ወይስ እንዳለ ይቆያል? ቁመቱን መመዝገብ ነበረባት። እኔ እያለሁ አይቆረጥም አልኳት። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳትና ሻይ እስኪፈላ ታብሌቱን ከፍታ ከተማዬን አሳየችኝ። ቤቱ ሁሉ እንደ ክብሪት ሳጥን ተደርድሯል፣ ዛፉ ሁሉ እንደ ኳስ ተድቦልቡሏል፣ ባሮ መሐል ለመሐል እንደ መቀነት ተዘርግቷል። በጣቷ ስትነካው ከተማው ይዞራል፣ ይጋደማል። ከሞባይል ታወሩ የሚነሣው ሞገድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲነጥር፣ የሕንፃ ጥግ ሲደርስ ታጥፎ ወደ ጓሮ ሲገባ፣ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ሲደክም በቀለም ይታያል፤ በደንብ የደረሰበት አረንጓዴ፣ የደከመበት ቢጫ፣ ያልደረሰበት ቀይ። ከከተማው በታች ወንዙ ዳር ያለውን የበቆሎ መሬት አሳዪኝ አልኳት። አመጣችው። አረንጓዴ ነው።

«ስልኩን የያዘው ሰው ስንት ከፍታ ላይ ነው የያዘው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው፣ እትዬ። መደበኛው እሱ ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ሞልቶት ይመጣል።»

«ቢቀመጥስ?»

«ማን?»

«የሚደውለው ሰው።»

ሣቀች፤ ክፋት የሌለው ሣቅ ነው። ለተቀመጠ ሰው ለብቻ አይሠራም፣ ከተማው በሙሉ በአንድ ከፍታ ነው የሚሰላው፣ ብፈልግም ከዚህ ሆኜ ልቀይረው አልችልም አለችኝ። ይህን ከየት እንዳወቅሁም ጠየቀችኝ። ድሮ ትንሽ ሠርቼበት ነበር አልኳት። ሻይዋን ጠጥታ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ከዚያ ወንበር ሳልነሣ መሸብኝ።

ድሮ ስል፣ ጋምቤላ ውስጥ ሞባይል ያለውን ሰው በስም መቁጠር ይቻል የነበረበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ዓመቱ ቢጠፋኝ ዋጋው አይጠፋኝም። ሲም ካርድ ለማግኘት ስም አስመዝግቦ ወራት መጠበቅ ነበር፤ ሲደርስም የአንድ ጀማሪ አስተማሪን ደመወዝ አብዛኛውን ይበላዋል። ስልክ ቻርጅ ማስደረግ ገበያው ዳር ባሉት ሱቆች አንድ ብር፣ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ በሣር ገመድ የተሰኩ አምስት ዓሦች ወንዙ ዳር በአራት ብር። ማንጎ በወቅቱ የሚገዛው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ወድቆ ፍየል ይበላው ነበር። ከድልድዩ ወዲህ ማዕዘኑ ላይ ሱዳን ኖሮ የተመለሰ አንድ ሰው ሻይ ቤት ነበረው። ቀኑን ሙሉ የሱዳን ካሴት ያስጮኻል፤ ክሩ በሙቀቱ ስለላላ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ይመስል ነበር። ወንዶቹ ኮንጎ ጫማ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ በሙቀት ከነክራቫታቸው ወደ ጸሎት ቤት። ዛሬ ሻይ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። በሰላም ታብሌት ላይ ሳየው ከኋላው ረጅም ቢጫ ጥላ ጥሏል፤ ካሴቱ ይጮኽበት የነበረው ጥግ ዛሬ ሲግናል እየደከመ የሚገባበት ጥግ ሆኗል።

እኔ ያኔ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ክርኔ ላይ ይደርሱ ነበር። አማርኛን ከአፍ ሳይሆን ከመጽሐፍ ስለተማርኩት፣ ደገኞቹ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ «አሪየት፣ አንቺ እኮ እንደ ደብዳቤ ነው የምታወሪው» ይሉኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ፍርሃት አለው፤ አሁን ይመልሱኛል የሚል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ስርዝ ድልዝ አይታይም ነበር። አንድ ፊደል ከተበላሸ ገጹን ቀድጄ ከመጀመሪያው እገለብጣለሁ። ሌላው ሲጫወት እኔ እገለብጣለሁ። ይህን እንደ በጎ ጠባይ ቆጥሬው ኖርኩ፤ መምህራኖቼም እንደዚያው።

ሥራውን የሰጠኝም የእጅ ጽሑፌ ነው። አንድ ተቋራጭ የሞባይል ሲግናል የሚለኩ ሰዎች ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ቴክኒክ የተማረ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ይላል። አሥራ ሁለት ሆነን ባሮ ዳር፣ ወንዙ ላይ የእንፋሎት መርከቦች ይመላለሱ በነበረበት ዘመን መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ሠለጠንን። አሠልጣኛችን ከደጋ የመጡ ሽበታም መሐንዲስ ነበሩ፤ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ያስተምራሉ። ሞገድ ከፊቱ ግድግዳ ሲገጥመው ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ሁሉም ይቆማል አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ከመጋዘኑ ጀርባ ሆና ስትጠራኝ አላያትም ነበር፣ ድምፅዋ ግን ጥጉን ዞሮ ይደርሰኛል፤ ደክሞ ነው እንጂ ይደርሳል አልኩ። ሰውየው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ይህን ለማስረዳት ሦስት ቀን መድበው እንደነበር ነገሩን። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት እግሬ መሬት ሳይነካ ነው። ትምህርት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ያኔ እንዲህ በጣት የሚዞር ከተማ የለም። ሞዴሉ ሚሊሜትር ወረቀት፣ ባለቀለም እርሳስና በፀሐይ የሚሠራ ሒሳብ ማሽን ነው። ከታወሩ የወጣውን ኃይል ትይዛለህ፤ ለርቀቱ ትቀንሳለህ፤ መንገድ ላይ ለገጠመው ነገር ሁሉ ደግሞ የየራሱን ትቀንሳለህ፣ ለቆርቆሮ ይህን ያህል፣ ለጭቃ ግድግዳ ይህን ያህል፣ ለማንጎ ይህን ያህል። የቀረው ቁጥር ቦታው ድረስ ሄደህ ከለካኸው ጋር ከተስማማ ሞዴሉ ልክ ነው ይባላል። ካልተስማማ ትመለሳለህ። እኔ ይህን ሥራ ወድጄው ነበር። በከተማው ስዘዋወር ቤት ሳይሆን ጥላ ነበር የሚታየኝ፤ እዚህ ጋ ይሰማል፣ እዚያ ጋ ይሰወራል እያልኩ።

የመለኪያውን ሳጥን የሚሸከምልኝ ኦሞድ የሚባል፣ እኩያዬ የሆነ የእኛው የአኙዋ ሰው ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ረጅም መባል ቀላል አይደለም፤ ኦሞድ ግን ረጅም ይባል ነበር። በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሁለት ጣት ይቀረዋል። የሚቀልደው ሲራመድም ሲበላም ነው። ስሜን ትቶ «ጸሐፊ» ነበር የሚለኝ። ሳጥኑ አንቴናው ከላዩ የቆመ፣ በማንገቻ ደረት ላይ እንዲንጠለጠል የተሠራ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ማንገቻው አንገቱን ላጠው። ወደ ወንዙ ዳር ስንወርድ ደግሞ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ከእኔ ራስ በላይ ነበር፤ እሱን ትከሻው ላይ ይደርሰዋል። ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለለና አናቱ ላይ አኖረ፤ ሳጥኑን እላዩ ላይ አስቀመጠው፤ እንደ ሴት።

በእኛ ዘንድ ወንድ በትከሻው ነው የሚሸከመው። ከወንዝ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች አዩትና መንገድ ዘግተው ቆሙ።

«ኦሞድ፣ የማን ሚስት ሆንክ?» አለችው አንዷ።

«የዚች ጸሐፊ» አለ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ። «ዶቃዬን ግን እስካሁን አልሰጠችም።» ዶቃ ያለው በእኛ ወግ ወንድ ለሴት ቤተሰብ የሚሰጠውን የጥሎሽ ዶቃ ነው።

ሴቶቹ እስኪያነቡ ሣቁ። ከመሐላቸው አንዷ በዚያው ዓመት ያገባት አባንግ ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ቁመቷ ጎኑ ላይ የሚቀር። «ተዉት» አለች ጀሪካኗን ሳታወርድ። «ጭንቅላቱ ለአንድ ነገር ከጠቀመ ይበቃኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑ ከኦሞድ ራስ አልወረደም። ሥራው ፈጠነ። እሱ ከሣሩ በላይ እየተንሳፈፈ ከፊት፣ እኔ ሣሩ ውስጥ እየዋኘሁ ከኋላ፤ ቁጥሩን ከላይ ይጠራልኛል፣ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ጥሩ ነበር። ያስገርማል እላለሁ ለራሴ፤ በዚህ ሁሉ እርጥብ ሣር ውስጥ እንዲህ ጥሩ መሆኑ። የገባኝ አራተኛው ቀን ላይ፣ ዳገቱ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ነው። አንቴናው ሣር ውስጥ አልነበረም። ከሣሩ በላይ፣ በባዶ አየር ላይ፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ላይ ነበር የሚሄደው። ቅጹን አየሁት። ቀን፣ ቦታ፣ ርቀት፣ ከለላ፣ የሲግናል መጠን፣ በመጨረሻም የአንቴና ከፍታ። የመጨረሻው ዓምድ ታትሞ የመጣ ነው፤ በየመስመሩ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ ይላል። ለማረም የታተመውን መሰረዝና በላዩ መጻፍ ነበረብኝ፤ ከነካርቦኑ ሦስት ሦስት ቅጂ ነው፣ የሁለት ቀን ገጽ ሁሉ። ወይም ተመልሶ እንደገና መለካት። አሠልጣኙ በዚያ ሳምንት ኢታንግ ሄደዋል፤ የምጠይቀው ሰው የለም። እስክሪብቶዬን ቁጥሩ ላይ እንዳቆምኩ ትንሽ ቆየሁ። ገጹ ንጹሕ ነበር። አርባ ሜትር ለሚቆም ታወር ሰማንያ ሳንቲሜትር ምኑ ነው አልኩ። ሳልነካው ቀረሁ።

ካርታዬ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከአሥራ ሁለታችን የእኔ ብቻ። አሠልጣኙ ሲሰናበቱ በሰው ፊት፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም አሉ። ወንዙ ዳር አረንጓዴ ስለነበር ሊተከል የታሰበው ሁለተኛው ታወር ወደ ሌላኛው የከተማው ጫፍ ሄደ። እኔም ቅጂውን አጣጥፌ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ሥር አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው ክረምት ኦሞድ አንድ የግንባታ ሥራ ላይ ከተማ ውስጥ ገባ። የእሱና የአባንግ በቆሎ ወንዙ ዳር ነው፤ ጎጆአቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ማሳው ከታች። ውሃው ስለበረታ ጎረቤቶቻቸው ወደ ላይ ወጥተዋል። እናቱ፣ ሴት በዚህ ሣር ውስጥ ብቻዋን አትውልም፣ ወይ ማሳው ይቅር ወይ አንዲት ዘመድ አብራት ትውረድ ብላ ያዘች። አባንግ ደግሞ በቆሎዬን ዝንጀሮ አላስበላም አለች። ኦሞድ እኔ ዘንድ መጣ። ያገለገለ ስልክ፣ ያ ጫፉ ላይ ባትሪ መብራት ያለው ዓይነት፣ ለሷ ሊገዛላት አስቧል፤ ግን ከታች ይሠራል ወይ? ካርታውን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ጣቴን አረንጓዴው ላይ አሳረፍኩ።

«ይሠራል» አልኩት። «አንተው ራስህ ለክተኸዋል።»

ይህን ስል አራተኛውን ቀን አስታውሼ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። አስታውሼ ነበር። ጣቴ ካርታው ላይ እያለ አስታውሼ ነበር።

ስልኩ ሠራ። ጎጆው ደጅ ቆማ ስትደውል ድምፅዋ እንደ ደወል ይሰማል። እናቱም ዝም አለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሳው ግርጌ ሣር ስታጭድ እባብ ነደፋት። የዚያን ሰሞን ጤና ሠራተኞች ጸሎት ቤት ድረስ እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ እባብ የነደፈው ሰው አይሩጥ፣ አይራመድ፣ ባለበት ይቀመጥ፣ መርዙ እንዳይሠራጭ፤ ሰው ይጥራ። ትምህርቱ ትክክል ነው። አባንግ የተማረችውን አደረገች፤ ባለችበት ተቀመጠችና ስልኩን አወጣች። ኦሞድ እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ከሕንፃው ሲወርድ እንደ ልማዱ ደውሎላት ነበር። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም የሚለው ድምፅ መለሰለት። ያ ድምፅ ባትሪ ላለቀበትም፣ ሲግናል ለጠፋበትም፣ ለሁሉም አንድ ነው። ኦሞድ ባትሪ ነው አለ። ሐሙስ ዕለት ወስጄ ቻርጅ ላስደርግልሽ ብሏት፣ ዝናብ ሲሆን ደክሞት ትቶት ነበር። ራሱን ተሳድቦ ወደ ሥራው ተመለሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርዶ አገኛት፤ ሣሩ ውስጥ ተቀምጣ፣ ስልኩ ጭኗ ላይ። ስልኩ ጠፍቶ ነበር።

መድኃኒቱ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ነበር። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በሞተር ሃያ ደቂቃ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ወረድኩ። የተጋደመውን ሣር አገኘሁትና እሷ የተቀመጠችበት ላይ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ቆምኩ። ምንም የለም። አርባ እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ኩይሳ ነበር፤ እላዩ ላይ ወጣሁ። ሙሉ። ደግሜ ወርጄ ተቀመጥኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን ያን ቀን አደረግሁት።

ባትሪውንም የማውቀው እኔ ነኝ። ታወር ያጣ ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ እስኪያልቅ ድረስ። የዚያን ስልክ ባትሪ የጨረሰው ሐሙስ አይደለም። ኦሞድ ግን ለለቀስተኛው ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ይላል፤ ሰውም እግዜር ያውቃል፣ ሥራ ላይ ነበርክ እያለ ያጽናናዋል። በሳምንቱ ስልኩን በመሐረብ ቋጥሮ አመጣልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ቻርጅ አድርገሽ እይልኝ፣ ደውላልኝ እንደሆነ አለኝ። ገበያው ዳር ወስጄ አንድ ብር ከፍዬ አስሞላሁት። ተከፈተ። የተደወለበት ዝርዝር ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የእሱ። ቁጥሩን ስጫነው የደወለችባቸው ሰዓቶች ወጡ። አነበብኳቸው። ስልኩን አጥፍቼ ወደ መሐረቡ መለስኩት። ለኦሞድ ውሃ ገብቶበታል፣ አልነሣ አለ አልኩት። እሺ ብሎ ተቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ መለካት ትቼ ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማርኩ፤ በክፍሌ ውስጥ ስርዝ ያለበት ደብተር ያመጣ ልጅ ተቀጥቶ አያውቅም። ኦሞድ ሌላ አላገባም። ኩሌ መጠለያ ጣቢያ በጥበቃ ሥራ ብዙ ዓመት ሠራ፤ የፀሐይ ሰሌዳ በጀርባው አዝሎ እየዞረ የስደተኛውን ሴት ሁሉ ስልክ በነጻ ቻርጅ ያደርግ ነበር አሉ። ከተማ ሲመለስም ደጁ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ያንኑ ቀጠለ። ልጆች «ኦሞድ ቻርጅ» ይሉታል። ስልክህ ግማሽ ሲቀረው ካየ አያሳልፍህም፤ ጎትቶ ይሰካዋል። ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በገበያው ዞሬ ነበር የምሄደው፤ ሩቅ ነው።

ሰላም መጥታ በሄደች በአራተኛው ቀን እሁድ ነበር። ጸሎት ቤት፣ በምስክርነቱ ሰዓት ኦሞድ ተነሣ። ጀርባው ጎብጦ፣ በዱላ፣ ከመድረኩ ፊት እስኪደርስ መዘምራኑ አንድ መዝሙር ጨረሱ። አርጅቻለሁ፣ ሳልሞት በጉባኤ ፊት ልናዘዝ አለ። ሚስቴን የገደላት እባብ አይደለም፣ የእኔ ስንፍና ነው፤ ሐሙስ ዕለት አንድ ብርና ትንሽ መንገድ ታክቶኝ ነው አለ። ሰዉ ይቅር ይበልህ አለ። ጸለዩለት። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እኔም አብሬ አሜን አልኩ። ያን አሜን ከአፌ ስሰማው ነው፣ እንግዲህ በቃ ያልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ደጁ ላይ ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጦ ነበር፤ ጎንበስ ከማለቱ ብዛት ከእኔ ያንስ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና በራሳችን ቋንቋ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅጹን፣ የታተመውን ቁጥር፣ አራተኛውን ቀን፣ ካርታውን፣ ኩይሳውን፣ ታወር ያጣ ስልክ እንዴት ባትሪውን እንደሚጨርስ። ልጆቼን እንደማስተምር ነው የነገርኩት፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። አላቋረጠኝም።

«እንግዲያ ባትሪው አልነበረም» አለ በመጨረሻ።

«አልነበረም።»

«ሳጥኑን አናቴ ላይ ስላደረግሁት ነው?»

«አንተ አይደለህም። ቁጥሩን አይቼ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

እሱን ያገላገልኩት መስሎኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደረቴ ቀለል ብሎኝ ነበር።

«ያን ስልክ አስሞልተሽው ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ። ተከፍቶልኝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ደውላለች?»

«ስልኩ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን አምስት ብቻ ነው። አምስቱም አሉ። ከዚያ በፊት ስንት እንደነበረ ማወቅ አይቻልም።»

«የመጨረሻው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ሲሚንቶ እያወረድኩ ነበር አለ፤ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያየ ተናገረ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ስልኩ ጠፍቶ አገኘችው፣ ባል ሰነፍ ነው ብላ ረግማኝ አስቀመጠችው፣ ጸለየች፣ ደከማት፣ ተኛች እያለ ነበር የኖረው።

«አባንግ ማንበብ አትችልም ነበር» አለኝ። «ኔትወርክ የለም ብሎ ቢጽፍላት አታውቀውም። የሚመስላት አንድ ነገር ነው። ስልኩን አይቼ ያላነሣሁላት ነው የሚመስላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

ስለ ሁሉም ነገር ሳሰላ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ማንበብ የሚችል ሰው አያስበውም።

«ባትሪው ይሻለኝ ነበር፣ አሪየት» አለ። በስሜ ሲጠራኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ተነሣሁ። በእኛ ዘንድ እንግዳን እስከ መንገዱ ሳይሸኙ ማሰናበት የለም። ኦሞድ አልተነሣም። እኔም እንዲነሣ አልጠበቅሁም።